ኮሚቱ የተወለደው የትኛው ብራንች ላይ ነው?

ሰሞኑን ፕሮግራመሮች በሚሰባሰቡበት አንድ መድረክ ላይ የተከፈተ የውይይት ክር ረዝሞ ረዝሞ አየሁት። ጉዳዩ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ፕሮግራም) ላይ ብራንች፣ ማለትም ለአንድ የሥራ መስመር የሚሰጥ ስም፣ እና የኮሚት፣ ማለትም የተመዘገበ ለውጥ፣ ታሪክ እንዴት እንደሚታይ ነው። ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ነው። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ የመልሶቹን ቁጥር ሳልለቅ በራሴ አባባል ላውጋችሁ።

የመነሻው ጽሑፍ። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሥራ የጀመረችው በቅርቡ ነው። የደሞዝ ማስሊያ ፕሮግራም ላይ ትሠራለች። እዚያ ውስጥ የጡረታ መዋጮው ተገልብጦ አገኘችው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆን ሲገባው ኮዱ ከሠራተኛው 11፣ ከአሠሪው 7 ይላል። ማን ቀየረው የሚለው ብዙም አላስጨነቃትም። በየትኛው ብራንች ላይ፣ ምን ሲሠራ እንደተቀየረ ማወቅ ነው የፈለገችው። ግን መፈለግ አልቻለችም። «ጊት ብራንች» ስትል የሚወጣላት ሜይን የሚባለው ዋናው ብራንች ብቻ ነው። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ስክሪን ላይ ግን ብራንቹ መዓት ነው። «ጊት ሎግ» ስትልም ታሪኩ እሷ ከተቀጠረችበት ሰሞን ወዲያ አይሄድም።

መልስ 1። በትህትና ተጀመረ። እህቴ ብሎ፣ «ጊት ብራንች» ብቻውን የሚያሳየው በማሽኗ ላይ ያሉትን እንደሆነ ነገራት። «-አር» የሰርቨሩን፣ «-ኤ» ሁሉንም ያወጣል። «-ቪቪ» ደግሞ እያንዳንዱ ብራንች የትኛውን የሰርቨር ብራንች እንደሚከተል፣ በስንት ኮሚት እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ይናገራል።

መልስ 2። አመስግኖ አንድ ነገር አረመ። «-አር» ሰርቨሩ ድረስ ሄዶ አያይም። ለመጨረሻ ጊዜ ፌች ሲደረግ (አዲሱ ነገር ከሰርቨሩ ሲወርድ) የነበረውን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ መጀመሪያ «ጊት ፌች --ፕሩን» ማለት ይሻላል፤ ሰርቨሩ ላይ የተሰረዙት ብራንቾች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። ብራንቹ ከበዛ «--ሶርት=-ኮሚተርዴት» ሲጨመር በቅርብ የተነኩት ከላይ ይመጣሉ። ይህችን እኔም በየቀኑ እጠቀምባታለሁ።

መልስ 3። ጠያቂዋ ሁሉንም ሞክራ ተመለሰች። አሁንም ሜይን ብቻ ነው።

መልስ 4 እና 5። አንዱ ሪፖውን (የፕሮጀክቱን ማከማቻ) እንዴት ክሎን እንዳደረገች፣ ማለትም ወደ ማሽኗ እንደቀዳች፣ ጠየቃት። ቤቷ ሆና በሞባይል ዳታ ነው ያወረደችው። ዳታ እንዳይበላባት ሰው መክሯት «--ዴፕዝ 1» ጨምራበታለች።

መልስ 6። ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። «--ዴፕዝ» ታሪኩን መቁረጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር አንድ ብራንች ብቻ ያወርዳል። ሁለቱም ችግሯ ከዚያች አንድ ቃል የመጣ ነው። መልስ ሰጪው መፍትሔውን በቅደም ተከተል አስቀመጠላት። «ጊት ፌች --አንሻሎው» የተቆረጠውን ታሪክ ያመጣል፤ ሌሎቹን ብራንቾች ግን አያመጣም። ለእነሱ «ጊት ሪሞት ሴት-ብራንችስ ኦሪጂን» ብሎ፣ በጥቅስ ውስጥ ኮከብ ጨምሮ፣ እንደገና ፌች ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ ለምን አልሠራም ይላል። ዳታ ለመቆጠብ ከሆነ ደግሞ «--ፊልተር=ብሎብ:ነን» የሚል አማራጭ አለ። የኮሚቱ ታሪክ በሙሉ ይወርዳል፣ የፋይሎቹ ይዘት ግን ሲፈለግ ነው የሚመጣው።

መልስ 7። የመጀመሪያው ቁጣ። ጀማሪን «ዴፕዝ 1» አድርጊ ብሎ የሚመክር ሰው ራሱ መመከር አለበት አለ። ያ ነገር የተሠራው ኮዱን ወስዶ፣ ገንብቶ፣ ለሚጥል ማሽን ነው እንጂ ታሪክ ለሚያነብ ሰው አይደለም።

መልስ 8። ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ ፋይበር የለውም ብሎ መለሰለት። ከዚያ መልስ 6ንም ነካ አደረገው። በፊልተር የወረደ ሪፖ ላይ «ብሌም» (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረው የሚያሳየው) ወይም «ሎግ -ፒ» (ታሪኩን ከነለውጡ የሚያሳየው) ሲባል የጎደሉት ፋይሎች አንድ በአንድ ከሰርቨር መጎተት ይጀምራሉ። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ያስለቅሳል። ስለዚህ ታሪክ ልትቆፍር ያሰበች ሰው፣ ቢሮ ገብታ በድርጅቱ ኢንተርኔት አንዴ ሙሉውን ብታወርድ ይሻላታል። እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ። የ7ኛው ሰውዬ ትምህርት ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን የዳታ ሂሳብ ከፍሎ የማያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

መልስ 9። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ገባ። «ጊት ሎግ --ግራፍ --ኦል --ዋንላይን»። ኮከቡ ኮሚት ነው፤ መስመሮቹ ማን ከማን እንደቀጠለ ያሳያሉ። «--ኦል» ካልተባለ የሚታየው አሁን ከቆምንበት ብራንች ወደ ኋላ ያለው ብቻ ነው። ጀማሪዎች ኮሚት ጠፋብኝ እያሉ የሚደነግጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ዕድሜ ልክ ከመጻፍ በአሊያስ (በራስ በሚወጣ አጭር ስም) ማሳጠር እንደሚቻልም አስታወሰ።

መልስ 10 እና 11። አንዱ ተርሚናል ላይ ከመፍጠጥ ታሪኩን በመስኮት የሚያሳየውን ጊትኬን መክፈት ይሻላል፣ ከራሱ ከጊት ጋር ነው የሚመጣው አለ። ሌላው ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው መጫን እንዳለበት አረመና፣ ለተርሚናል ሰው ቲግ የሚባለው ፕሮግራም እንደሚበቃ ጨመረ። ቪኤስ ኮድ ላይ የሚጫኑት የግራፍ ማሳያዎችም ተነሱ።

መልስ 12። እውነተኛ ፕሮግራመር ማውዝ አይነካም የሚለው ሰው በየክሩ አለ። እዚህም መጣ።

መልስ 13። ለዚያ የመጣው መልስ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ነው። ጸሐፊው ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ነው። ስክሪን ሪደሩ ግራፉን ሲያነብለት ኮከብ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ያዘመመ መስመር እያለ ይዘልቃል፤ ትርጉም ያለው ነገር እስኪደርስ ይደክማል። ስለዚህ ግራፉን ትቶታል። «ጊት ሎግ --ፈርስት-ፓረንት --ዋንላይን» ብሎ የሜይንን ዋና መንገድ ብቻ ያዳምጣል። ከዚያ የፈለገውን ብራንች በሁለት ነጥብ (..) ይጠይቃል። ሜይን፣ ሁለት ነጥብ፣ የብራንቹ ስም። ብራንቹ ላይ ኖሮ ሜይን ላይ የሌለው ኮሚት ሁሉ ተራ በተራ ይወጣለታል። ማየት ለሚችለውም ከግራፉ ይልቅ ይህ ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ብራንቹ ሲበዛ ግራፉ እንደተተበተበ ክር ነው፤ ማንም አይፈታውም።

መልስ 14። የክሩ ዋና ነጥብ እዚህ ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ቢሆንም ጠያቂዋ የጠየቀችውን አይመልስም አለ። ጊት አንድ ኮሚት በየትኛው ብራንች ላይ እንደተሠራ አይመዘግብም። ኮሚቱ ውስጥ ያለው የፋይሎቹ ሁኔታ፣ የወላጁ (ከእሱ የቀደመው) ኮሚት መለያ፣ የጸሐፊው ስምና ጊዜ፣ ኮሚቱን ያስገባው ሰው ስምና ጊዜ፣ መልእክቱ ነው። የብራንች ስም የለም። ብራንች ማለት የአንድ ኮሚት መለያ የተጻፈባት 41 ባይት ፋይል ናት። አርባው የመለያው ፊደላት፣ አንዷ የመስመር መጨረሻ። አዲስ ኮሚት ሲመጣ ስሙ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ የቀድሞው ላይ ምልክት አይቀርም። ሰውዬው ብራንችን የታክሲ ታፔላ ብሎ ጠራው። ታፔላው ዛሬ ሜክሲኮ ይላል፣ ነገ ቦሌ ይላል፤ የወረደው ተሳፋሪ ግንባር ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

እኔም ብዙ ቡድኖች ውስጥ ያየሁት ግራ መጋባት ከዚህ ይመነጫል ባይ ነኝ። ብራንች የሥራ ማኅደር ይመስለናል። ወረቀት እንደምናስገባበት ዓይነት፣ ያስገባነው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ የሚጠብቀን ይመስለናል። ከዚያ ሎግ ከፍተን የሌለ ነገር እንፈልጋለን።

መልስ 15። አልተዋጠለትም። ፕሮግራሙ ብራንቾቹን በቀለም ለይቶ ያሳየኛል፣ እንዴት አይመዘገብም ይባላል አለ። መልስ 16 ላይ ያው ብራንችን ታፔላ ብሎ የጠራው ሰው ተመለሰና ቀለሙ የመስመሩ ቦታ እንጂ የብራንቹ ማስረጃ እንዳልሆነ አስረዳ። ብራንቹ ተሰርዞም ቀለሙ ይታያል፤ ስሙን ግን ማንም አያውቀውም።

መልስ 17። አንድ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ብራንች ሁልጊዜ ፋይል አይደለም ብሎ አረመ። ጊት ስሞቹን ጠቅልሎ አንድ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። ረዘም ያለውን መለያ የሚጠቀም ሪፖ ላይም 41 አይሆንም። እውነት ነው። ግን ሙግቱን አንድ ጋት አላነቃነቀውም።

መልስ 18። ነገር እየከረረ መጣ። ታሪክ የማይመዘግብ የታሪክ መመዝገቢያ ምን ይሠራል ሲል አሾፈ። መርኩሪያል የተባለው የጊት ተፎካካሪ የብራንቹን ስም ኮሚቱ ውስጥ ይጽፋል፣ ጊት ግን አሸነፈ፤ ጥሩው ሁልጊዜ አያሸንፍም አለ።

መልስ 19። ጊትና መርኩሪያል ሁለቱም የተጀመሩት በአንድ ወር፣ በኤፕሪል 2005፣ በአንድ ምክንያት እንደሆነ አስታወሰው። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም በነጻ መሰጠቱ ሲቆም ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን ጻፈ። በከርነሉ ሥራ ፓቹ (የኮድ ለውጡ) በኢሜይል ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። በማን ላፕቶፕ ላይ፣ በምን ስም ብራንች ተጀመረ የሚለው ለተቀባዩ ምንም አይጨምርለትም። የሚፈለገው ምክንያቱ በመልእክቱ ላይ በደንብ መጻፉ ነው። ስለዚህ ጉድለት ሳይሆን ምርጫ ነው ባይ ነው። ይህን ሲል ግን 18ኛውን ሰነፍ አለው፤ እዚያ ላይ አጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ክሩ ስድብ ብቻ ሆነ። አስተዳዳሪው አንዳንዱን ስላነሳው ቁጥሩ እዚህ ላይ ዘሎ ወደ 23 ይሄዳል። በመሀል አንድ ሰው ታፔላ ቀርቷል እኮ፣ ረዳቱ በጩኸት ነው የሚጠራው ብሎ ማሳቁን ግን ትተውለታል።

መልስ 23። እስካሁን የት ነበርክ ያሰኘኝ መልስ ነው። ስሙ ባይመዘገብም ምስክር አለ አለ። መርጅ ሲደረግ (አንድ ብራንች ከሌላው ጋር ሲዋሃድ) ጊት ራሱ በሚያዘጋጀው መልእክት ውስጥ የብራንቹ ስም ይገባል። ስለዚህ የተጠረጠረውን ኮሚት ወደ ሜይን ያስገባውን መርጅ ማግኘት ነው። «ጊት ብራንች --ኮንቴንስ» አይረዳም፤ አሁን ኮሚቱን የያዙትን ሁሉ ይዘረዝራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይልም። መንገዱ «ጊት ሎግ --አንሰስትሪ-ፓዝ --መርጅስ --ሪቨርስ» ነው፤ መነሻው ኮሚቱ፣ መድረሻው ሜይን። ከሚወጡት ውስጥ «--ፈርስት-ፓረንት» ላይም የሚገኘው የመጀመሪያው የሚፈለገው ነው። ይህ ማጣሪያ የሚያስፈልገው ሰዎች ሜይንን ወደ ብራንቻቸው መርጅ ስለሚያደርጉ ነው፤ እነዚያም መሀል ይገባሉ።

መልስ 24። ቡድኑ ስኳሽ የሚያደርግ ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የብራንቹ ኮሚቶች ተጨፍልቀው አንድ አዲስ ኮሚት ይሆናሉ፤ መርጁ ራሱ የለም። ሜይን የመርጅ ኮሚት ሳይፈጠር ወደ ፊት ብቻ ሲገፋም እንዲሁ ነው፤ ምስክር ከተፈለገ «--ኖ-ኤፍኤፍ» ማድረግ ያስፈልጋል። በተጨማሪ ስኳሽ የተደረገ ብራንች «ጊት ብራንች --መርጅድ» ላይ አይወጣም፣ ጊት ለእሱ መርጅ መደረጉን አያውቅማ።

መልስ 25። ይህን ሲያነብ ቁስሉ የተነካበት ሰው ታሪኩን አወጋ። ሪፖውን ሲያጸዳ፣ ስኳሽ የተደረጉትን ብራንቾች ጊት አልሰርዝም ስላለው በትልቁ ዲ አስገድዶ ይሰርዝ ነበር። በመሀል ያላለቀ ሥራውን አብሮ ጠረገው። ያዳነው ስሞቹ በየጊዜው የቆሙባቸውን ኮሚቶች የሚመዘግበው «ጊት ሪፍሎግ» ነው። የብራንቹ የራሱ ሪፍሎግ ከብራንቹ ጋር ይጠፋል፤ የሄድ (አሁን የቆምንበትን የሚጠቁመው ስም) ግን ይቆያል፣ እዚያ ላይ ኮሚቱን አግኝቶ አዲስ ብራንች ሰጠው። መልስ 26 ዕድሜ ልክ እንዳይመስለው አስጠነቀቀ። ማንም ብራንች የማይደርስበት ኮሚት መዝገብ፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ በ30 ቀን ያልፍበታል፤ የሚደረስበት በ90። ደግሞም ሪፍሎግ እዚያው ማሽን ላይ ነው ያለው። የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ የሆነውን አይነግርም።

መልስ 27። ጠያቂዋ ቢሮ ሆና ሙሉውን አውርዳ ተመለሰች። ብራንቾቹ መጡ፣ ታሪኩም መጣ። «ጊት ሎግ -ኤስ» በትልቁ ኤስ 0.11ን ስትፈልግ ግን ፋይሉ መጀመሪያ የተጻፈበት ኮሚት ብቻ ወጣ።

መልስ 28። መልሱ ከሁሉ የበሰለው ነው። ትልቁ ኤስ የሚያየው የተፈለገው ጽሑፍ በፋይሉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጥሩ ሲቀየር ነው። እዚህ ግን 0.11 እና 0.07 ቦታ ተለዋወጡ እንጂ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ፊትም አንድ፣ አሁንም አንድ። ትልቁ ጂ ግን በተነኩት መስመሮች ውስጥ ይፈልጋል፤ እሱ ያገኘዋል። ወይም በ«-ኤል» የእነዚያን ሁለት መስመሮች ታሪክ ብቻ መከተል ይቻላል። በዚህም ካልተገኘ ኮንፍሊክት (የሁለት ለውጥ ግጭት) ሲፈታ መርጁ ውስጥ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሎግ የመርጅን ለውጥ ካልተጠየቀ አያሳይም፤ «-ኤም» ይጨመርበት።

መልስ 29። በትልቁ ጂ ተገኘ። መርጁም ተገኘ፣ የብራንቹ ስምም። ስሙ ማስተካከያ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የኮሚቱም መልእክት ማስተካከያ ይላል። ሌላ ነገር ደግሞ ግራ አጋባት። ቀኑ ከላይና ከታች ካሉት ኮሚቶች ወደ ኋላ ቀርቷል።

መልስ 30። «--ፎርማት=ፉለር» እንድትል ተነገራት። ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የተጻፈበትና የገባበት። ሎግ የሚደረድረው በገባበት ነው፣ የሚያሳየው ግን የተጻፈበትን። ሪቤዝ ሲደረግ (ኮሚቶች በሌላ መነሻ ላይ እንደገና ሲደረደሩ) ሁለቱ ይራራቃሉ። መልስ 31 ላይ አየችው። የተጻፈው በ+0300 ነው፣ የገባው በ-0400። እዚህ የተጻፈውን፣ እዚያ በጋ በሆነበት ጊዜ፣ ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ሆኖ ሪቤዝ ያደረገው ሰው ሳይኖር አይቀርም። መልስ 32 ማሽኑን በፈለጉት ሰዓት መሙላት ስለሚቻል ማስረጃ እንዳታደርገው መከራት። ደግ ምክር ነው።

መልስ 33። ሰዓት ሲነሳ ክሩ ሌላ ጎዳና ያዘ። ጊት ለምን በእኛ ሰዓት አያሳይም የሚል መጣ። 14:20 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 እንደሆነ በየቀኑ ማስላት ሰልችቶታል። ጷጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም ነው ሲልም ጨመረ። መልስ 34 ጊት የሚያስቀምጠው ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድና የሰዓት ቀጠናውን ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህ በላዩ ላይ የፈለገ ሰው የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት መጻፍ እንደሚችል ነገረው። እስካሁን የጻፈ አልመጣም።

መልስ 35። ፕሮግራመር ያልሆኑ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ገቡ። ስለ ብራንቹ ግድ እንደሌላቸው፣ ደሞዝ በዚያ ስሌት ተከፍሎ እንደሆነ ማወቅ ብቻ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሰዉ ሁሉ ድንገት ጨዋ ሆነ። ጠያቂዋ አንቱ እያለች መለሰችላቸው። ተከፍሏል፣ ከሠራተኛው በብልጫ የተቆረጠው በሚቀጥለው ደሞዝ ይመለሳል፣ ለፋይናንስ ተነግሯል።

መልስ 36። በዚህ ሊያልቅ ሲል አንዱ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። በአማርኛ ስም የሰጠው ፋይል «ጊት ሎግ --ስታት» ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣበታል፤ ሰ በምትባለው ፊደል ፈንታ 341 210 260።

መልስ 37። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 ላይ ሦስት ባይት ይይዛል፣ ጊት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን የፋይል ስም በቁጥር ያወጣል። «ኮር.ኮትፓዝ» የሚለውን ፎልስ ማድረግ ይበቃል። የኮሚቱ መልእክት ራሱ የተበላሸ የሚመስል ከሆነ ግን ችግሩ የጊት ሳይሆን ጽሑፉን ገጽ በገጽ የሚያሳየው የሌስ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ላይ «ሌስቻርሴት» ዩቲኤፍ-8 ይባል።